የቁስል መዝገብ

ባለፈው ወር ጡረታ ስወጣ ባልደረቦቼ አንድ ካፖርት ሸለሙኝ፤ ንግግርም አደረጉልኝ። ከዚያ "ጋሼ አለማየሁ ሥራ የጀመሩበትን ቤት ይሰናበቱ" ብለው ወደ ነቀምቴ ሆስፒታል ኦፕራሲዮን ክፍል ወሰዱኝ። አንዲት ወጣት ነርስ ሥራዋን ጨርሳ ጓንቷን አወለቀችና ቅርጫት ውስጥ ጣለችው። እጄ ሳላዘው ቅርጫቱ ውስጥ ገባ። "ኧረ ጋሼ፣ ቆሻሻ ነው እኮ!" ብላ በሳቅ ፈረሰች። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቤቴ ስገባ ግን ሳቁ ጥሎኝ ሄደ። ሰው ጡረታ ሲወጣ የሚያስታውሰው ሹመቱንና ሽልማቱን ነው ይላሉ፤ እኔን የያዘችኝ ግን አንዲት የሲሬ ሴት ናት።

በንጉሡ ዘመን እኔ በሠራሁበት የነቀምቴ ሆስፒታል ጓንት አይጣልም ነበር። ጓንት እንደ በሬ ነው፤ እስኪሞት ይሠራል። ከኦፕራሲዮን በኋላ በሳሙና ይታጠባል፤ በትንፋሽ ይነፋል፤ ተነፍቶ ውሃ ውስጥ ይደፈቃል። የተበሳ ከሆነ በቀዳዳው በኩል አረፋ ትወጣለች። ቀዳዳውን በእርሳስ ከብቤ አደርቀዋለሁ፤ ከሞተ ጓንት ክብ ቁራጭ ቆርጬ እንደ ብስክሌት ጎማ በማስቲሽ እለጥፈዋለሁ፤ ዱቄት ነስንሼ፣ ግራና ቀኙን አጋጥሜ በጨርቅ እጠቀልለዋለሁ። ከዚያ በእንፋሎት ድስት ውስጥ ገብቶ በእንጨት እሳት ይቀቀላል። በክረምት እንጨቱ እርጥብ ስለሆነ ዓይኔ እስኪጠፋ በጭስ አለቅስ ነበር። ስድስትና ሰባት ልጣፊ ያለበት ጓንት ሠርቶ ያደረ አለ።

ደሞዙን አላነሳውም፤ ለማንሳትም አይበቃም።

አባቴ ከጎጃም ጨውና ጨርቅ ይዞ የመጣ ነጋዴ ነበር። ነቀምቴ ላይ ተስቦ ያዘውና ሞተ፤ እናቴን ቀደም ብዬ አጥቻለሁ። እዚያው አባቴ በሞተበት ሆስፒታል ልብስ አጣቢ ሆኜ ገባሁ። እኔም በተራዬ ተስቦው ሲይዘኝ ቤታቸው ወስደው ያስታመሙኝ ኦቦ ኢተፋ ናቸው። ኦቦ ኢተፋ የድሬሰሮቹ፣ ማለትም የቁስል አሳሪዎቹ፣ አለቃ፣ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ እሑድ እሑድ በሚሲዮኑ ቤተ ክርስቲያን የሚዘምሩ ሰው ነበሩ። ስድን እናታቸው "እናት አባት የሌለው ልጅ በባዶ ስም ከቤት አይኖርም" አሉ። ሽማግሌ ተጠራ። ኦቦ ኢተፋ አውራ ጣታቸውን ማር ነክረው ሰጡኝና ጠባሁት። እንግዲህ የጡት ልጃቸው ሆንኩ ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያናቸው እንዲህ ያለውን ነገር ብዙም አይወደውም ነበር፤ እሳቸው ግን "አምላክ በልጅ አይቆጣም" ብለው አለፉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሳቸው "ኢልመኮ" ይሉኛል፤ ልጄ ማለታቸው ነው። እኔም "አባ" እላቸዋለሁ።

ሙያውን ያስተማሩኝ በቃል አልነበረም። እጃቸውን ሲታጠቡ አጠገባቸው ያቆሙኛል። ሰዓት ስላልነበረን አባታችን ሆይን በኦሮምኛ ሦስት ጊዜ እስኪጨርሱ ድረስ ከጥፍር እስከ ክርን ይፈትጋሉ። እኔ ልቤ ቸኩሎ ሁለተኛው ላይ ካቆምኩ ምንም ሳይሉ ከመጀመሪያው ይጀምሩታል፤ እኔም አብሬ እጀምራለሁ። ፋሻ ከመፍታታቸው በፊት ያሸቱታል። በሽተኛ ሲመጣ መጀመሪያ ስለ ከብቱ ይጠይቁታል። ሰውየው ስለ ላሞቹ ሲያወራ እሳቸው ትንፋሹን፣ የዓይኑን ነጭ፣ በየትኛው ጎኑ እንደሚደገፍ ያያሉ።

አንድ ጊዜ ከቆላ አንድ ጎልማሳ በቃሬዛ መጣ። ትኩሳት አለው፤ ይንቀጠቀጣል፤ ወባ ነው ተብሎ የወባ መድኃኒት ሲሰጠው ሰንብቷል። ኦቦ ኢተፋ ከብቱን ጠየቁት፤ አዩት። ከዚያ በቀኝ ጎኑ በጎድኖቹ መካከል አውራ ጣታቸውን አስገብተው ቀስ ብለው ጫን አሉ። ሰውየው ጮኸ። "ጉበቱ ላይ መግል ይዟል" አሉ። ዶክተሩ መርፌ ቢያስገባ ቡናማ መግል ወጣ፤ ሰውየው በእግሩ ወደ አገሩ ገባ። ያን ጊዜ እኔ ያቺን አውራ ጣት ከመድኃኒት ቤቱ ሁሉ አስበልጬ አየኋት።

ዶክተሩ ያልኩት አንድ ወጣት ፈረንጅ ነው። አንቱ ማለት በተገባኝ ነበር፤ ግን በዕድሜ እኩያዬ ስለነበረና ከኦቦ ኢተፋ እንዲለይልኝ "እሱ" እለዋለሁ። አማርኛ የተማረው ከመጽሐፍ ነው፤ ሲናደድ እንኳ እንደ ደብዳቤ ይናገራል።

አንድ ክረምት ቁስሎቻችን መበላሸት ጀመሩ። ቡአ የተሠራለት ጤነኛ ገበሬ በአምስተኛው ቀን ስፌቱ ይቀላል፤ ይመግላል። አንዱ ይድናል፤ ሌላው ሁለት ወር ይተኛል፤ የሞቱም ነበሩ። ገበያ ላይ "እዚያ ቤት ቢላዋው መርዝ ነው" ማለት ተጀመረ። በሽተኞች አልጋ ይዘው ካደሩ በኋላ በጠዋት እየጠፉ ሄዱ። ዶክተሩ ከሳ። አንድ ቀን ወፍራም መዝገብ አምጥቶ በእርሳስ አሰመረና ሰጠኝ። የበሽተኛው ስምና አገር፣ የተሠራለት ነገር፣ ጓንቱ፣ ክሩ፣ ጨርቁ የተቀቀለበት ቀን፣ ትኩሳቱ የጀመረበት ቀን፣ ቁስሉ እንዴት እንደገጠመ ይጻፋል። የመጨረሻው አምድ "እጅ" ይላል፤ በዚያ ቀን ከዶክተሩ ጋር ቆሞ የረዳው ሰው ስም የሚገባበት ነው። የምንረዳው እኔና ኦቦ ኢተፋ በተራ ነበርን።

"አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እንለውጣለን" አለ ዶክተሩ። "ሁለት ነገር ከለወጥን ጥፋተኛው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። አንተም ያየኸውን ብቻ ጻፍ።"

ክሩን ረዘም አድርገን ቀቀልን፤ ለውጥ የለም። ግድግዳውን በኖራ ቀባን፤ ለውጥ የለም። የምንጩን ውሃ ትተን የዝናቡን ያዝን፤ ያው ነው። እኔ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ መዝገቡን ሳነብ አንድ ነገር ዓይኔን ይወጋው ጀመር። ከተበላሹት ቁስሎች በአብዛኞቹ ፊት ለፊት የተጻፈው ስም ኢተፋ ነው።

ነገሩ ወዲያው ነበር የገባኝ። ኦቦ ኢተፋ ከሰኔ ጀምሮ የቀኝ አውራ ጣታቸውን ጥፍረ መጥምጥ ይዟቸው ነበር፤ የጥፍሩ ሥር ያብጣል፤ ይመግላል፤ ደግሞ የዳነ ይመስላል። በየቀኑ አዮዲን ይነክሩታል፤ ጓንት ከለበሱ ምንም እንደማይሆን ስለሚያምኑ ለዶክተሩም አልነገሩትም። ጓንቱ ግን የኔ ጓንት ነው፤ ልጣፊው ብዙ ነው። መርፌ ነክቶት ከተበሳ የአውራ ጣቱ መግል በቀጥታ ሰው ሆድ ውስጥ ይገባል።

ምን ማድረግ ነበረብኝ? ዛሬ የትኛዋም ጀማሪ ነርስ ትመልሰዋለች። እኔ ግን ያን ጣት የጠባሁ ልጅ ነኝ። አባትን "እጅህ ሰው ይገድላል" ማለት እንዴት ተብሎ? ለፈረንጅ አሳልፎ መስጠትስ? አገሩ ምን ይለኛል? ይሉኝታ የሚሉት በሽታ አለ፤ እንደ ወባ አያንቀጠቅጥም፤ ቀስ ብሎ ነው የሚይዘው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መዝገቡን ዘረጋሁና ቁስላቸው የተበላሸባቸውን ሰዎች ፊት ለፊት የነበረውን "ኢተፋ" በላጲስ እያጠፋሁ "አለማየሁ" ብዬ ጻፍኩበት። በእኔ ተራ በደህና የዳኑትን ደግሞ ጥቂቱን ለእሳቸው ሰጠሁ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በዚያ ቀን ራሴን ጥሩ ልጅ አድርጌ ነበር የቆጠርኩት።

ዶክተሩ መዝገቡን አንብቦ በማግሥቱ ጠራኝ።

"እጅህን አሳየኝ" አለኝ። አገላበጠ፤ ጥፍሮቼን አየ። ምንም አላገኘም። "አለማየሁ፣ አዝናለሁ። ከእጅህ ላይ ምክንያቱን አላገኘሁም። ነገር ግን መዝገቡ አንተን ይላል። ከዛሬ ጀምሮ ጠረጴዛው አጠገብ አትቆምም። ሁሉንም ኦቦ ኢተፋ ይረዱኛል።"

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ነውሩን በራሴ ላይ ስወስድ ሥራው ሁሉ በእሳቸው እጅ ላይ እንደሚወድቅ አንዲት ደቂቃ እንኳ አላሰብኩም። የሞኝ ብልሃት ይሏል ይህ ነው። ያን ጊዜ እንኳ መናገር እችል ነበር። በምትኩ ሌላ ብልሃት ፈጠርኩ፤ ልጣፊ የሌለበትን ጓንት ሁሉ ለእሳቸው አደረግሁ። ጥቂት ሳምንት ቁስሎቹ ደህና ሆኑ። ዶክተሩም "አየህ" አለ፤ እኔን ማስወጣቱ የፈየደ መስሎት። እኔም በልቤ ኮራሁ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ጫልቱ የመጣችው በጥቅምት ነው፤ ከሲሬ፣ ከባሏ ከነጋሳ ጋር፣ ትንሽ ሴት ልጃቸውን ቤት ትተው። ሆዷ እንደ ወላድ ተቆልሏል። ሁለት ዓመት ሙሉ እርጉዝ ናት ተብላ ተጠብቃለች። ግማሹ ጽንሱ ጀርባዋ ውስጥ ተኝቷል ይላል፤ ግማሹ ደግሞ ጥላ ነው ይላል። የዶክተሩ ሐሳብ ሆዷ ውሃ ቋጥሯል የሚል ነበር። ኦቦ ኢተፋ ስለ ላሞቿ ጠየቋት፤ አስተኟትና ሆዷን በጣታቸው መታ መታ እያደረጉ ሰሙት።

"ውሃ ቢሆን ጎኗ ነበር ድፍን ድምፅ የሚሰጠው" አሉ። "የእሷ ግን መሀሉ ድፍን ነው፤ ጎኗ እንደ ከበሮ ይጮሃል። ይህ ከማህፀኗ አጠገብ የበቀለ ከረጢት ነው።"

ዶክተሩ ራሱ መታ መታ አድርጎ ሰማና ሳቀ፤ ልክ ነበሩ።

ጫልቱ ተጫዋች ሴት ነበረች። በኦፕራሲዮኑ ዋዜማ ቀሚሷን እያሳየች "ሐኪም፣ ይህን ሁሉ ጨርቅ ለሆዴ ብዬ ነው ያሰፋሁት። እናንተ ሆዴን ስትወስዱት እኔ ይህን ቀሚስ ምን ላደርገው ነው?" አለችኝ። ነጋሳ "ለሁለት ሴት እናካፍለዋለን" አላት። በማግሥቱ ጠዋት በእግሯ ሄዳ ጠረጴዛው ላይ ወጣች።

ከረጢቱ ሳይፈነዳ ሙሉውን ወጣ። ሁለት እጅ አይችለውም ነበር። ዶክተሩ ከደስታው ብዛት ኦቦ ኢተፋን ጨበጣቸው። እኔ ጓንቶቹን ሰብስቤ ወደ ማጠቢያው ሄድኩ። የኦቦ ኢተፋን የቀኝ ጓንት ነፍቼ ውሃ ውስጥ ደፈቅሁት። ከአውራ ጣቱ ጫፍ አረፋ ወጣች፤ አንድ፣ ደግሞ አንድ፣ ደግሞ አንድ። ጓንቱን ስገለብጠው ውስጡ ቢጫ ነጠብጣብ ነበረበት።

በዚያች ሰዓት አወቅሁ። ሮጬ ብናገር ፔኒሲሊኑ በዚያው ቀን ይጀመርላት ነበር። "ምናልባት አይነካትም ይሆናል" አልኩ። ቀዳዳውን በእርሳስ ከበብኩና ጓንቱን አደረቅሁት።

በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ያዛት። ዶክተሩ አልጋዋ አጠገብ መዝገቡን ይዞ ቆመ። "ይህ ከቁስሉ ሊሆን አይችልም" አለ። "የኦቦ ኢተፋ እጅ በመዝገቡ ንጹሕ ነው።" ነጋሳን ጠየቀው፤ ከመምጣታቸው በፊት ቆላ ዘመዶቿ ጋ ከርማ ነበር። "እንግዲያው ወባ ነው" አለና የወባ መድኃኒት አዘዘላት። እኔ የሙቀት መለኪያውን ይዤ ቆሜያለሁ። ሁለት ቀን የወባ መድኃኒት በእጄ አጠጣኋት።

በአምስተኛው ቀን ሆዷ ተነፋ። ስገባ ክንዴን ያዘችና "ሐኪም፣ ሆዴ ተመልሶ መጣብኝ" አለችኝ። ፈገግ ለማለት ሞከረች።

ከዚያ ወጥቼ ሄድኩና ለዶክተሩ ሁሉንም ነገርኩት፤ ጣቱን፣ ላጲሱን፣ አረፋውን። አልጮኸም። በሩጫ ሄዶ ስፌቷን ከፈተው፤ ውስጡ መግል ብቻ ነበር። ያለንን ፔኒሲሊን ሁሉ ሰጠናት። በሰባተኛው ቀን፣ የገበያ ቀን ነበር፣ ሰው በአጥሩ ማዶ በቅሎ እየነዳ ሲያልፍ ሞተች። ነጋሳ ቀሚሱን ብብቱ ሥር አድርጎ ሬሳዋን አሸክሞ ሄደ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ፤ እኔ ግን የደበቅሁት የሌላ ሰው በሽታ ነው፤ የከፈለችውም ሌላ ሰው ናት።

በማግሥቱ ዶክተሩ እኔንና ኦቦ ኢተፋን ቢሮው ጠራን። መዝገቡን ከፊቴ አኖረና "አንብብ። እውነተኛውን ስም እያነበብህ አስተካክል" አለኝ። አነበብኩ። የበሽተኛውን ስም፣ አገሩን፣ የቁስሉን ነገር፣ ከዚያ "እጅ፣ ኢተፋ" እላለሁ። ቀጣዩን ደግሞ "እጅ፣ ኢተፋ።" ኦቦ ኢተፋ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙ። የመጨረሻዋ ጫልቱ ነበረች።

"ኢልመኮ" አሉኝ ቀስ ብለው፤ "ይህን ያደረግኸው ለእኔ ብለህ ነው?"

"አዎ፣ አባ።"

"ለእኔ ብለህ ቢሆን ኖሮ ለእኔ ትነግረኝ ነበር።"

እሳቸው ወደ መዝገቡ እያዩ ቀጠሉ።

"እኔ ጣቴን ጠርጥሬው ነበር። አንተ ቅዳሜ ወጥተህ ከሄድክ በኋላ እየገባሁ ይህን መዝገብ አየዋለሁ። የትኛው በማን ተራ እንደነበር በቃሌ አልያዝኩም፤ ክፉው ሁሉ ካንተ ስም ጋር ነው፤ የኔ ስም ንጹሕ ነው። እንግዲያው ጣቴ አይደለም፣ ዋቃ ይመስገን፣ እያልኩ ልብስ ለብሼ እገባ ነበር። ያንተን ጽሑፍ አምኜ እኮ ነው እጄን የሰደድኩባት።"

ዶክተሩ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እኔ አለቀስኩ። ኦቦ ኢተፋ አላለቀሱም፤ ነጩን ልብሳቸውን አውልቀው በደንብ አጥፈው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

በዚያው ሳምንት ብቻቸውን ሲሬ ወረዱ። ማንም አላዘዛቸውም። ነጋሳ ቤት፣ ለቅሶው ላይ፣ ሽማግሌ በተቀመጠበት "ልጃችሁን የገደላት ይህ እጄ ነው፤ ታምሞ ሳለ ሥራ አስገባሁት" አሉ። ስለ መዝገቡ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ዶክተሩም እንዳይናገር ለምነውት እንደነበር በኋላ ሰማሁ። ወደ ሥራ አልተመለሱም። ገበያ ሲወጡ ሰው መንገድ ይለቅላቸው ጀመር፤ የአክብሮት አልነበረም። ሕጻን አቅርቦ "ይዳብሱልኝ" የሚል ጠፋ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሲሞቱ ካስታመሟቸው ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። እስከ መጨረሻው ኢልመኮ ማለታቸውን አልተዉም፤ እኔ ግን በጠሩኝ ቁጥር አንገቴን ደፋሁ።

መዝገቡ ከተስተካከለ በኋላ ሥራው ፈር ያዘ። እጁ ላይ ቁስል ያለበት ሰው ኦፕራሲዮን ክፍል እንዳይገባ ተደነገገ፤ ጓንት ከሥራው በፊትም በኋላም እየተነፋ ይታይ ጀመር። ቁስሎቹ ደህና ሆኑ። ከጤና ቢሮ ምስጋና መጣ፤ መዝገቡን የያዘው ድሬሰር ተብዬ የተመሰገንኩትም የተሾምኩትም እኔ ነኝ። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ቢሉም የኔ ጉድ አልወጣም። አርጆ ላኩኝ፤ ጊምቢ ላኩኝ፤ አለቆች መጡ፣ ሄዱ። ክፉም ደግም ነበሩ፤ ስማቸውን ዛሬ ብዙ ካላሰብኩ አላስታውሰውም።

በመጨረሻ የሲሬ ክሊኒክ ኃላፊ አድርገው መደቡኝ። እምቢ ለማለት ምክንያት መስጠት ይጠይቃል፤ ምክንያቴን ልናገረው አልችልም፤ ሄድኩ። በሁለተኛው ወር ነጋሳ መጣ። ሸብቷል። ጫልቱ ስትሞት በልጅነቷ ትታት የሄደችውን ልጁን ይዟል፤ ለአቅመ ሔዋን ደርሳለች። እሾህ ወግቷት እግሯ መግል ይዞ አብጧል። እኔን ትክ ብሎ አየኝ።

"ሐኪም፣ የኦቦ ኢተፋ ልጅ ነህ አሉኝ። ዱጋዳ? እውነት ነው?"

"እውነት ነው። የጡት ልጃቸው ነኝ።"

ወደ ልጁ ዞረ። ይዟት ይሄዳል ብዬ ነበር።

"እሳቸውን ዋቃ ይቅር ይበላቸው" አለ በመጨረሻ። "ያንተ እጅ ግን ንጹሕ ነው ብለውኛል። በዚያን ጊዜ ራሳቸው ኦቦ ኢተፋ ናቸው የነገሩኝ። 'ሰው ቢታመምብህ ለልጄ ስጠው' አሉኝ። ስለዚህ ነው ያመጣኋት።"

እውነቱን ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ልጅቷ እግሯን ዘርግታ፣ ከንፈሯን ነክሳ ትጠብቃለች።

"አጥብቀህ ያዛት" አልኩት፤ "እንዳትንቀሳቀስ።"